ጸበል የጠጣችው በገና

ዘንድሮ ደክሞኛል። ይህን ስል ሰው እንጨት መላግ የሰለቸኝ ይመስለዋል። እንጨት አይሰለችም። የሚያሰለቸው ሰው ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እየደጋገምኩ ተናግሬያለሁ፤ በገና ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም፣ ውሃ አይነካውም፣ ሲቀመጥ በነጠላ ይሸፈናል፣ ፆሙ ሲፈታ አውታሩ ይላላል እንጂ እንደተወጠረ ግድግዳ ላይ አይከርምም፣ አይጥ የአውታሩን አንጀት ስለምትወድ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። በቃ ይኸው ነው። ይህቺን ታህል የሚይዝልኝ ደንበኛ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም "እሺ ጋሼ" ብሎ ይሄዳል፤ በዓመቱ ቆዳው የተሰነጠቀ በገና ታቅፎ ይመለስና "ምን እንደነካው እንጃ" ይላል። እኔ ምን እንደነካው አውቃለሁ። አንተ ነህ የነካኸው።

ድካሙ ባይኖር ኖሮ የዘንድሮውን ስህተት እኔም ራሴ አልሠራም ነበር። በገና ሠሪ በዓመት አንድ ጊዜ ተፍ ተፍ የሚልበት ሰሞን አለ፤ ቅበላ። ደብረ ብርሃን በሙሉ በግ የሚያርደው ያን ጊዜ ነው። ቤት ለቤት ዞሮ አንጀቱን መለመን፣ ማጠብ፣ መፋቅ፣ መግመድ፣ ጥላ ውስጥ ወጥሮ ማድረቅ ነው። ከዚያ በኋላ ሃምሳ አምስት ቀን ቢላ የሚያነሣ ክርስቲያን የለም፤ በገና የሚደረደረው ደግሞ በእነዚያው ሃምሳ አምስት ቀናት ነው። አንጀቱ ሲኖር ፈላጊ የለም፤ ፈላጊው ሲመጣ አንጀቱ የለም። ይህን የማያውቅ በገና ሠሪ የለም። ዘንድሮ ግን ብርዱ ጉልበቴን ያዘኝና "ማን በዚህ ውርጭ የሰው ደጃፍ ይጠናል? የፕላስቲክ አውታር አለ አይደል?" ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ። ፕላስቲኩ በእርግጥ አለ። ልጆቹ ልዩነቱን አይሰሙትም። የሚሰሙት ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው ብዬ ነበር።

በመፃጉዕ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ብዙአየሁ መጣች። የበገና መምህሩ የየኔታ ጥበቡ ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነች፤ ዕድሜዋ አርባን አልፏል። በአንሶላ የተጠቀለለ በገና ተሸክማ በሩ ላይ ቆመች።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?"

"ምን አደርኩ ልበልሽ። አስቀምጪው።"

አንሶላውን ገለጥኩት። በገናዋን አውቃታለሁ። ምሰሶዎቿ ወይራ ናቸው፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ድምፅ የሚያወጣው ገበቴ ላይ የተወጠረው ቆዳ በአንድ ጎኑ ተሸብሽቦ፣ በሌላው ጎኑ ከስፌቱ ተገንጥሎ ተንጋዷል። ከአሥሩ አውታር ስድስቱ ተበጥሰው ተንጠልጥለዋል።

"ምን አገኛት?"

"ውሃ ነካት።"

"ዝናብ የለ፣ ጎርፍ የለ። የምን ውሃ?"

አንገቷን ደፋች። "ጸበል።"

"ጸበል?"

"ጸበል፣ ጋሼ።"

"ለመጠጥ ነው ለመጠመቅ?" አልኳት። አልሳቀችም፤ እኔም የሚያስቅ ነገር እንደሌለ ገባኝና መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

"ትናንት ቅዳሴ ላይ የዚያን ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ የኖረ ሰውዬ ታሪክ ሲያነቡ እንባዬ መጣ" አለች። "አባዬን ማስጠመቅ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። እዚያው ቆሜ ሳስብ፣ በሽታው የመታው በገናዋን ታቅፎ ሳለ ነው። እሱን ብቻ እያስጠመቅሁ እሷን ትቻት ይሆናል፣ ያደረበት ነገር እሷም ላይ አድሮ ይሆናል አልኩ።"

"እና?"

"ቤት ገብቼ አፈሰስኩባት።"

"ምን ያህል?"

"አንድ ጀሪካን።"

"ጀሪካን!"

"ትንሹን ነው ጋሼ፤ ባለ አምስት ሊትሩን።"

"እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ትልቁን ስላላደረግሽው። ከዚያስ?"

"ቆዳው ሲረግብ ጊዜ ደነገጥኩና… ፀሐይ ላይ አሰጣኋት።"

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ቆዳ ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ በአንዴ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ስፌቱን ይበጥሳል። አንጀትም እንደዚያው ነው። ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነገርኳት። ስጮህ ደግሞ አላቆምም፤ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና ጣሪያው ይነቀላል ትለኝ ነበር። ብዙአየሁ እስክጨርስ ቆማ ሰማችኝ።

"ጨረሱ?" አለች።

"ጨረስኩ።"

"አባዬ ከትናንት ጀምሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። አያየኝም። እህል ውሃም አላለም።" አንሶላውን ወደ ራሷ ሳበች። "ቀኝ ጎኑ እንደማይሰራ ያውቃሉ። ቃል አይወጣውም፤ ውሃ ስጪኝ እንኳ ማለት አይችልም። ግራ እጁን ግን እግዚአብሔር ተወለት። ጠዋት ጠዋት እኔ ምሰሶዋን እይዝለታለሁ፣ እሱ በግራው ይደረድራል። ሲከፋውም ደስ ሲለውም በድርደራው ነው የማውቅለት። የቀረችው አፉ እሷ ነበረች። አፉን ዘጋሁት ጋሼ።"

በገና በግራ እጅ ጣቶች ነው የሚደረደረው። ቀኝ እጅ ምሰሶ ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። እግዚአብሔር ሲቆጣም ሳይደግስ አይጣላም አልኩ በልቤ። አፌ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

"ፕላስቲክ አስገባላታለሁ። ሐሙስ ነዪ።"

"ዓምና አንድ ልጅ ፕላስቲክ የገባበት በገና ቢያስነካው 'ይኼ ልብስ ማስጫ ገመድ ነው፤ ወደ እናትህ ጓሮ መልሰው' ብሎ አባርሮታል።"

"እሱ ዓምና ነው። ዘንድሮ ምን ብሎ ያባርራል?"

ይህን ብዬ ወዲያው አፈርኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ብዙአየሁ አንሶላዋን አጣጥፋ ይዛ ሄደች።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። የየኔታን ቤት ከረገጥኩ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በሃያ አራት ዓመቴ የየኔታ ጥበቡ ተማሪ ነበርኩ። እንጨቱንም ድርደራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንጨቱ ወዲያው ገባኝ። መዝሙሩ ላይ ግን እንከን ነበረብኝ፤ እቸኩላለሁ። ቃሉን ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። የኔታ ሲሳሳቱባቸው አይሳደቡም፤ መዳፋቸውን አውታሮቹ ላይ ጥለው ድምፁን ያፍኑታል። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል። አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መዳፋቸውን ጥለው አዩኝና "ከኋላህ የሚያሳድድህ አለ?" አሉኝ። የለም አልኩ። "እንግዲያው ሂድ፤ እንጨትህን ሥራ" አሉኝ። ድምፅ የለህም ማለታቸው ነው አልኩ። ሄድኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ትዕቢተኛም ነበርኩ፤ ሁለተኛ አልተመለስኩም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አጎነብሳለሁ፣ እሳቸውም ያጎነብሳሉ፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ በገና ስሠራ፣ ስቃኝ፣ ለሰው ስሰጥ ኖርኩ እንጂ አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አልዘመርኩም።

እና ያን ሰኞ፣ ልጅቷ ከሄደች በኋላ፣ የተበጠሱትን አውታሮች እጄ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ያባረሩኝ ሰው አፍ ተዘጋ ብዬ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም። ያዘንኩት ለእሳቸው ይሁን ለራሴ ግን አላውቅም።

ማክሰኞ ሥራ ጀመርኩ። የከረመ የበሬ ቆዳ ስለነበረኝ እሱን ዘፈዘፍኩ። አሮጌውን ፈትቼ ገበቴውን በጨርቅ ወለወልኩ፣ አዲሱን አለበስኩ፣ በጠፍር ሰፋሁ፤ ጠፍሩን ስስብ ክርኔ ድረስ አመመኝ። ከዚያ ጥላ ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ ብቻ ነው። ይህን የሚያፋጥን ነገር የለም። ብዙአየሁ ግን በየቀኑ ትመጣለች። ስልጆ በሳህን ይዛ ትመጣለች፤ እሱን አልጠላሁባትም።

"ደረቀች?"

"አልደረቀችም።"

በማግስቱም፦ "ደረቀች?"

"ብትደርቅ እዚህ ተደፍቼ ታገኚኝ ነበር?"

"ትንሽ ወደ ምድጃው ብናስጠጋትስ ጋሼ? በሩቁ?"

"ውጪ ከቤቴ!"

ወጣች፤ ሳህኗን ትታ። በሩን ዘግታ ደግሞ ከውጭ "በሩቁ ነው ያልኩት!" አለች። የሳቅኩት ብቻዬን ነው።

የቀረው የአውታሩ ነገር ነበር። በገና አሥር አውታር አለው፤ አሥርቱ ትእዛዛት ናቸው ይላሉ። የሚጮኹት ግን ስድስቱ ብቻ ናቸው። አራቱ በመሃል በመሃል ገብተው ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው፤ ድምፅ አይጠየቁም። የየኔታ በገና ላይ ከጥፋቱ የተረፉት እነዚያ አራቱ ማረፊያዎች ነበሩ፤ ላላ ብለው ስለሚወጠሩ ነው። እኔም አራቱን ፈትቼ ወደሚጮኸው ቦታ አዛወርኳቸው፤ በማረፊያው ቦታ ፕላስቲክ አስገባሁ። ማረፊያ ፕላስቲክ ቢሆን ማን ይሰማል? በዚህ ዘዴ ራሴን አደነቅሁ። ሁለት የሚጮኹ አውታሮች ግን ጎደሉ፤ እዚያ ፕላስቲክ ብከት ያው የልብስ ማስጫ ገመድ ነው።

ሁለት አንጀት። በቅበላ ማግስት ከቤቴ ወጥቼ ቢሆን ሁለት መቶ ይኖረኝ ነበር።

ግድግዳዬ ላይ አንድ በገና አለ። ተማሪ ሳለሁ የሠራሁት የመጀመሪያው ነው። አልተሸጠም፣ አልተደረደረም። በነጠላ ተሸፍኗል፣ አውታሩ ላልቷል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን እጠርግለታለሁ። ለሰው የምሰብከውን ሁሉ የምፈጽመው ለእሱ ብቻ ነው። አውታሮቹን የገመዱልኝ የኔታ ናቸው። እሳቸው አንጀት ወደ ግራ ነው የሚገምዱት፤ ሌላ ሰው እንዲያ ሲገምድ አላየሁም። በሠላሳ አራት ዓመት አብዛኞቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል፤ ሁለቱ ግን ደህና ነበሩ። ዓርብ ከሰዓት ነጠላውን ገለጥኩ። ሁለቱን ቀስ ብዬ ፈታኋቸው። ከዚያ ባዶውን በገና መልሼ ሸፈንኩት።

ቅዳሜ ቆዳው በጣቴ ስመታው ጠበቅ ያለ ድምፅ ሰጠኝ። እሑድ፣ የደብረ ዘይት በዓል ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ በገናዋን ተሸክሜ ከብዙአየሁ ጋር ሄድኩ። በገና ሲጓዝ መቃኛው ይላላል፤ እዚያው ቦታው ላይ መቃኘት ነበረበት። ያ ባይሆን አልሄድም ነበር።

ቤቱ አልተለወጠም፤ ያነሰ መሰለኝ እንጂ። የኔታ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ትልቅ ሰው ነበሩ፤ አሁን ጋቢው ውስጥ የተረፈው ትከሻቸው ብቻ ነው።

"አባዬ፣ በገናዋን ይዘናት መጣን" አለች ብዙአየሁ።

አልዞሩም።

"ጋሽ ድንበሩ ናቸው የሠሯት።"

ያን ጊዜ አንገታቸው ቀስ ብሎ ዞረ። እሷን አላዩም፤ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና በቀጥታ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አውታሮቹን አጠበቅሁ፣ በየአውታሩ ሥር እንዚራዎቹን፣ እነዚያን ትንንሽ ቆዳዎች፣ አስገብቼ ንዝረቱ እስኪመጣ ገፋ መለስ አደረግሁ። የኔታ ጆሮአቸውን አዘንብለው ይሰሙ ነበር። ሦስተኛውን ስቃኝ ቅንድባቸውን አነሱ፤ ትንሽ ከፍ አደረግሁት፤ ቅንድቡ ወረደ። ስድስቱንም እንዲያ ጨረስን።

ብዙአየሁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ምሰሶዋን ያዘችላቸው። እጇን እያየኋት ነበር፤ ፊታቸውን እንዳያዞሩባት ትፈራለች። የኔታ ግራ እጃቸውን አነሱ፤ ወደ አውታሩ ግን አልሄደም። የእሷን እጅ ያዙና ምሰሶው ላይ አንድ ስንዝር ወደ ታች አወረዱት። ከፍ አድርጋ ነበር የያዘችው። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲነኳት ይህ የመጀመሪያው ነው። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጣሪያው አየች።

ከዚያ አውራ ጣታቸው አውታሮቹን በዝምታ ዳበሰ። ማረፊያዎቹ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ ፕላስቲኩን አወቁት፤ አፋቸው በአንድ በኩል ጣመም አለ። ስድብ ነው፤ ይገባኛል። አለፉት። ከእኔ በገና ወደመጡት ሁለቱ ሲደርሱ ግን ጣታቸው እየተመላለሰ አሸት አሸት አደረጋቸው። የግመዳውን አቅጣጫ እየፈለጉ ነበር። ሲያገኙት ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ደረደሩ።

አዲስ ቆዳ መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማል፤ እስኪላመድ ነው። ግን ያው የእሳቸው ጣት ነው። ያ ከባድ ንዝረት ቤቱን ሞላው፤ ደረቴ ውስጥ ገባ። መግቢያውን ደረደሩና ቃሉ የሚነሣበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አፋቸውን ከፈቱ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና ሞከሩ፤ ትንፋሽ። መዳፋቸውን አውታሮቹ ላይ ጣሉ። ጸጥ አለ።

ከዚያ መግቢያውን እንደገና ጀመሩ፤ ቃሉ የሚነሣበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን አፋቸውን አልከፈቱም። እኔን አዩኝ።

"ይበሉ እንጂ ጋሼ" አለች ብዙአየሁ።

"ምን ልበል?"

"እየጠበቅዎት ነው።"

"እኔ ድምፅ የለኝም። ይህን የነገሩኝ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።"

"አሁን እሱም የለውም" አለች።

የኔታ ጣታቸውን ሳያቋርጡ ያችኑ መግቢያ ያዞሯታል፤ እንደ ድሮው፣ ተማሪው ዜማው ውስጥ እስኪገባ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ያኔ የተውኳትን መዝሙር ጀመርኩ፦

ቤቴን ሠራሁ ብዬ ጣሪያውን ሳዋድድ፣
ለካስ እንግዳ ነኝ ተነሥቼ ልሄድ።

ድምፄ ዝጓል። ፈራሁ። ስለፈራሁም ቸኮልኩ፤ የመጨረሻዋን ቃል በላኋት። መዳፋቸው ወረደ። ያው ዝምታ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሚስት ቀብሬያለሁ፣ ጥርሴ ረግፏል፤ ያ መዳፍ ግን ዛሬም ፊቴን አቀላው። ተነሣሁና ነጠላዬን ለበስኩ።

"የት ይሄዳሉ?" አለች ብዙአየሁ።

"አይተሻል አይደል? አሁንም ያው ነው፤ ሂድ እያሉኝ ነው። በገናዋን ከፀሐይ፣ ከምድጃ…"

"ከጸበልም፤ ገብቶኛል። ይቀመጡ።"

"ልጄ፣ ደክሞኛል። ልሂድበት።"

እንዲህ ስል አባቷን አየቻቸው። የኔታም እሷን አዩዋት፤ ከሳምንት በኋላ ዓይኖቿን አዩ። እሷ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቅሎባት ወደ እኔ ዞረች።

"ያን ዕለት ሲወጡ እዚህ በር ሥር እጫወት ነበር፤ ልጅ ነበርኩ" አለች። "እናቴ 'ምነው ልጁን አስከፋኸው?' ስትለው ሰምቻለሁ። 'ድምፁ ደህና ነው፤ ገና አልደከመውም እንጂ። በገና የደከመው ሰው ነው የሚይዘው። ሲደክመው ይመጣል' ነው ያላት። ከዚያ ወዲህም የእርስዎ ስም በተነሣ ቁጥር ያችኑ ነበር የሚላት። 'አልደከመውም ማለት ነው' ይል ነበር።"

በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የያዝኩት ቂም እንዲህ በአንድ ጊዜ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። እውነትም ደክሞኝ ነበር። አልጋው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

የኔታ መዳፋቸውን ከአውታሮቹ ላይ አነሱ። መግቢያውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ብዙአየሁ ምሰሶውን እዚያው ባስያዟት ቦታ ላይ አጥብቃ ያዘች።

ቃሉ የሚነሣበት ቦታ ሲደርስ አነሣሁት። አልቸኮልኩም። የምቸኩልበት ጉልበት አልነበረኝም።